ጠንካራ የተባለው ላፕቶፕ

እኔ መቼም አጥንቼ የምገዛ ሰው ነኝ። አንድ ወር ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ከርሜ ብዙም አይበላሽም የተባለውን ላፕቶፕ ገዛሁ። ዓመት ሳይሞላው፣ የተማሪዎቼ ውጤት ማስረከቢያ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ውጤቱን ሁሉ እንደያዘ አልበራም አለኝ። በማስተምርበት በሞጣ ያሳየኋቸው ጠጋኞች ሁሉ ሲያቅታቸው ይዤው ቢቸና ሄድኩ። የጥገና ቤቱ ባለቤት ወጣት ሴት ናት። ገና ሳትፈታው፣ "ይሄ እኮ አልፎ አልፎ ካልሆነ አይበላሽም! ተጠንቷል!" ብዬ ጮህኩባት፤ እሷ ያበላሸችው ይመስል። ቀና ብላ አየችኝና፣ "መምህር፣ ጥናቱን እርስዎ አንብበውታል፤ ላፕቶፑ ግን አላነበበውም" አለችኝ። ከነንዴቴ ሳቄ አመለጠኝ።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱን አንድም ሳይጎድል በፍላሽ አውጥታ ሰጠችኝ። ላፕቶፑ ግን አልዳነም። "ሁለተኛ ይሄን ዓይነት አልገዛም!" ብዬ ስፎክር ከመደርደሪያው ሥር የራሷን አወጣች። ቁርጥ የእኔን!

"ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም" አለች።

"ታዲያ የእኔ ምን ሆኖ ነው?"

"ጥናቱማ አልዋሸም፣ መምህር። አልፎ አልፎ ይበላሻል። ያ አልፎ አልፎ የተባለው ለእርስዎ ደረሰ።"