የብዙወርቅ ማንጎ

ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የሰፋሪዎች መንደር ውስጥ ነው ያደግሁት። በዚህ ግንቦት እግረ መንገዴን ጎራ ስል የልጅነት ጎረቤቴን ጋሽ አስማማውን አገኘኋቸው። የሣር ችቦና ክብሪት ይዘው ከሣር ጎጇቸው ደጃፍ ባለችው ማንጎ ሥር ቆመዋል። ደነገጥኩ። ያችን ዛፍ ባለቤታቸው እትዬ ብዙወርቅ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከወሎ በመጡ በዓመቱ ነበር የተከሏት። እኛ የመንደሩ ልጆች ፊደል የቆጠርነው በጥላዋ ነው፤ ያ ጊዜ እንዴት ይናፍቃል! አሁን ግን ቅርንጫፎቿ ነጭ ድር ለብሰዋል፤ በድሩ ውስጥ ትል ይርመሰመሳል።

ስለ ሰብልና ዛፍ ኮሌጅ ተምራ የተመለሰችው የጎረቤት ልጅ ቢሊሴ ክርክር ገጥማቸዋለች።

«አባባ፣ እባክዎን እሳቱን ይተውት።»

«ልጄ፣ እኛ አገር ትል ሲያደራ በችቦ ነው የሚለበለበው። አባቴም አያቴም እንዲሁ ነበሩ።»

«እዚያ የምትለበልቡት ምን ዛፍ ነበር?»

«የአጥር ግራር።»

«የአጥር ግራር ቢደርቅ ማን ያዝንለታል? ሌላ እሾህ ይቆረጣል። የማንጎ ቅርፊት ግን እሳት አይችልም። ትሉ የበላው ቅጠሏን ነው፤ እሳቱ ራሷን ይበላታል።»

«ታዲያ ስታልቅ ቆሜ ልያት?» ብለው ጮኹ። ቁጣቸው የሐዘን እንደሆነ ገባኝ።

«መድኃኒት ቢረጭስ?» አልኩ፣ የተማረ መምሰል አምሮኝ።

«ንቡንም ይጨርሰዋል፣ ወንድም ጋሼ! አበባዋ ፍሬ እንዲይዝ ማን ያግዛታል?» ብላ አሳፈረችኝ።

ከዚያ የተራቆተ ቅርንጫፍ ጎትታ በጥፍሯ ፋቀች። ከቅርፊቱ ሥር እርጥብ አረንጓዴ ታየ። «ይዩ አባባ፣ በሕይወት አለች። ዝናቡ ሲጠና መልሳ ታቆጠቁጣለች። እኛ ድር የያዘውን ጫፍ ብቻ ቆርጠን በባልዲ የሳሙና ውሃ ውስጥ እንዘፍቀው፤ ትሉ እዚያው ያልቃል።»

ሽማግሌው አረንጓዴውን በጣታቸው ዳሰሱት። ችቦውን ጣሉና፣ «መቁረጫው የታለ?» አሉ።

የአባቶችን ብልሃት መንቀፌ አይደለም፤ ለግራር የተበጀው ግን ለማንጎ አይሆንም። ጫፉን በጊዜ የቆረጠ ሰው ዛፉን ያተርፋል፣ ንቡን አይፈጅም፣ የሣር ጎጆውንም ለእሳት አያጋልጥም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

ሦስታችን እስከ ምሳ ቆረጥን። ጋሽ አስማማው ባልዲው ላይ እንዳጎነበሱ፣ «ብዙወርቅ ስትታመም እጄን አጣጥፌ ነው ያየኋት» አሉ። «ይህን አድርግ የሚለኝ ሰው አልነበረም።»

ቀና ብለው ወደ ላይኛው ቅርንጫፍ አመለከቱ።

«ቢሊሴ፣ ያንንስ እንቁረጠው?»