ጀርባውን ለጫካ የሰጠ ማማ

(ኅዳር፣ ከጫካው ጥግ ባለ የአጃ ቡቃያ ማሳ፤ የድሮው አዳኝ አያ ድንበሩ ማማቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የሰፈሩ የጫካ ጠባቂ ጫንያለው ከሥር ቆሞ ሽቅብ ያያል።)

ጫንያለው፦ ይውረዱ ብያለሁ እኮ፣ አያ ድንበሩ! ሳንጋጥጥ አንገቴ ሊቀነጠስ ነው።

አያ ድንበሩ፦ አንተ ውጣ። ለሁለት ይበቃናል።

ጫንያለው፦ ለጨዋታ አልመጣሁም። ይሄን አጃ ለማን ነው የዘሩት?

አያ ድንበሩ፦ ለሚበላው።

ጫንያለው፦ የሚበላው ማን ነው?

አያ ድንበሩ፦ ዱካው ላይ ቆመህ ትጠይቀኛለህ?

ጫንያለው፦ ድኩላ ነዋ! አገር ምድሩ ለአጨዳ ማጭድ ሲስል እርስዎ ዘር ሲበትኑ ገርሞኝ ነበር። እሾህ እንኳ አላጠሩበትም!

አያ ድንበሩ፦ የጋበዝኩትን እንግዳ አጥር ላስዘልለው?

ጫንያለው፦ አዩ! ጋበዝኩ አሉ። የዕድሜ ልክ አዳኝ ነዎት፣ መላው አይጠፋዎትም። ያበሏቸዋል፣ ያለምዷቸዋል፣ ከዚያ...

አያ ድንበሩ፦ ከዚያ?

ጫንያለው፦ ከዚያማ ድው!

አያ ድንበሩ፦ በምኔ? ጠመንጃዬን ሳስረክብ ምስክር ሆነህ የፈረምከው አንተው አይደለህ?

ጫንያለው፦ እሱ ያየሁት ነው። ያላየሁትስ?

አያ ድንበሩ፦ ግባና ፈልግ፣ ቤቱ ክፍት ነው። ድመቷን ብቻ እንዳትረግጥብኝ፣ ወልዳለች።

ጫንያለው፦ ወሬ አያስቀይሱኝ። ማማውስ? የሰው ማማ ፊቱ ወደ ጫካ ነው፣ አውሬ ብቅ ሲል ለማባረር። የእርስዎ ጀርባውን ለጫካው ሰጥቶ መንደሩን ያያል። ይሄ የጤና ነው?

አያ ድንበሩ፦ ጎበዝ። እስከ ዛሬ ያስተዋለው የለም።

ጫንያለው፦ ምንድን ነው የሚጠብቁት?

አያ ድንበሩ፦ ከጫካ በኩል የሚመጣ አያሰጋኝም።

ጫንያለው፦ እሱን ለጫካው ኮሚቴ ይነግሩታል። ድኩላ እያባበለ ያርዳል ካልኩኝ መሬቱን ነጥቀው ከጫካው ይቀላቅሉታል፣ ይወቁት።

አያ ድንበሩ፦ ሌላ መሬት የለኝም እኮ ጫንያለው። ይቺን ከወሰዱብኝ በዚህ ዕድሜዬ የልጄን ባል እጅ ማየቴ ነው። ሞት ይሻለኛል።

ጫንያለው፦ ሳይዘሩ ነበር ማሰብ።

አያ ድንበሩ፦ እንግዲያው እውነቱን ስማ። ክረምት ላይ አንዲት ድኩላ እያነከሰች ከመንደር በኩል መጣች። ሽቦ እግሯ ውስጥ ሰርጎ ገብቷል። አንጀቴን በላችው። አዳኝ ነበርኩ፣ አልክድም፤ ግን ፊት ለፊት ተኩሼ ነው እንጂ እንዲህ በቁሟ አሰቃይቼ አላውቅም።

ጫንያለው፦ ሽቦ? የማን ሽቦ?

አያ ድንበሩ፦ የማን እንደሆነማ አላውቅም። ወጥመዱ ግን ታች ነው፣ ሰው ማሳ ውስጥ። እዚህ ከጠገቡ ለምን ይወርዳሉ ብዬ አጃዬን ዘራሁ። እዚህ ድረስ የሚከተላቸው ካለ ደግሞ ልየው ብዬ ማማዬን አዞርኩ።

ጫንያለው፦ አዳኝ ለድኩላ አዘነ ብል ማን ያምነኛል? ይስቁብኛል እንጂ!

አያ ድንበሩ፦ ይሳቁ። ለመሆኑ ያንተ ባቄላ ዘንድሮ እንዴት ነው?

ጫንያለው፦ ባቄላውማ ተንዠርግጓል። ምን ይሠራል!

አያ ድንበሩ፦ እንዴት ምን ይሠራል?

ጫንያለው፦ እርስዎ ይሄን ከዘሩ ወዲህ አንዲት ድኩላ ዝር ብላበት ታውቃለች? ሁሉንም ጠራርገው ወሰዷቸው እኮ!

(አያ ድንበሩ ከማማው ጎንበስ ብለው ትክ ብለው ያዩታል።)

ጫንያለው፦ ምን ያፈጡብኛል?

አያ ድንበሩ፦ ባቄላዬን ድኩላ አልበላልኝም ብሎ የሚነጫነጭ ገበሬ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ጫንያለው፦ እኔ እኮ... እንደ ጠባቂ ነው የተናገርኩት። እንስሳቱ የት እንደሚውሉ መከታተል ስላለብኝ...

አያ ድንበሩ፦ ያዝልኝማ መሰላሉን፣ ልውረድ።

ጫንያለው፦ ቆይ፣ የት ሊሄዱ ነው? እዚያው ይቀመጡ እንጂ፣ ምን አስቸኮለዎት!

አያ ድንበሩ፦ ኮሚቴው ጋ ነዋ፣ አንተው አይደለህ ያልከኝ? በዚያውም መንገዳችን ላይ ነው፣ ባቄላህን ገባ ብለን አይተን እናልፋለን።