ዘይነባ አልፈርምም ያለችው ክስ

በእኛ ጊዜ እኮ፣ ልጆቼ፣ ክስ እንዲህ በኮምፒውተር አይጻፍም ነበር፤ እኔ አሶሳ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ሸራ ወጥሬ፣ ጠረጴዛዬን ዘርግቼ፣ በእጄ ነበር የምጽፈው። እና ብዕሬ ክፉ ነበር፣ አልዋሽም። ተከሳሽን በመጀመሪያው መስመር «አታላይ» ካላልኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ክስ በርበሬ ካልበዛበት ዳኛ አይቀምሰውም ባይ ነበርኩ፤ ምን ታደርጉታላችሁ፣ ወሎዬ ነኝ፣ አፌ አያርፍም።

ታዲያ አንድ ቀን ዘይነባ መጣች። ከአሶሳ ወጣ ብላ ካለችው ከመንጌ ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የምታለማ። ከሰፈሯ ነጋዴ ከሐሚድ የውሃ ሞተር ገዝታ፣ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ውሃ አይስብም። በሦስተኛው ቀን ሄዳ ነገረችው፤ «አየዋለሁ» አላት፤ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ሽንኩርቷ ደግሞ በፀሐይ እየደረቀ ነው። ልጆቿ የሚያድሩት በዚያ ሽንኩርት ነው፣ ሌላ የላትም።

እና ጻፍኩላታ! «ተከሳሽ ሆነ ብሎ፣ ባል የሌላት መሆኔን አይቶ፣ በማታለል...» እያልኩ ሁለት ገጽ ሞላሁት። ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና፣

«ይሄ የመጨረሻው ምን ይላል?» አለችኝ።

«እሱ የተለመደ ነው፤ ‹ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ› ነው የሚለው። በይ ጣትሽን አምጪ፣ አሻራ ነው።»

ጣቷን ሰበሰበች። «ሐሚድ አታላይ አይደለም። ልጄ ታመመ ጊዜ ሐሚድ ነው በመኪና ሐኪም ቤት የወሰደ። ሞተር ተበላሸ፣ እሱ እውነት ነው። አታላይ ካልኩኝ ሐራም ነው። አልፈርምም።»

«ዘይነባ፣ እህቴ፣ እንዲህ ከሆነማ ትሸነፊያለሽ!»

«ልሸነፋ! አንተ እሱን አጥፋ።»

ታዲያ እሱን አጥፋ፣ ይሄን አጥፋ እያለች ሁለቱ ገጽ ግማሽ ገጽ ሆነ። ገዛሁ፣ አልሠራም፣ በሦስተኛው ቀን ነገርኩት፣ የሚሠራ ይስጠኝ፤ አለቀ። «ደግ ጎረቤቴ ነው» የሚለውን ደግሞ በግድ አስጻፈችኝ! እኔ በሆዴ፣ በቃ ይህቺ ሴት አለቀላት አልኩ።

የችሎቱ ቀን የሐሚድ ጠበቃ ተነሣ፤ ኮቱን እንዲህ፣ እንዲህ እያስተካከለ፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከሳሽ ራሷ ደንበኛዬን ደግ ነው ትላለች፤ ማታለል አልተጠቀሰም፤ ክሱ የክስ ምክንያት የለውምና ይዘጋልን!» አለ። እኔ ከኋላ ሆኜ ፊቴን ሸፈንኩ።

ዳኛዋ ወጣት ናት፣ ድምጿ ቀስ ያለ። «ከሳሽ ማታለልን ጠቅሳ ቢሆን ኖሮ እሱን ማስረዳት ይጠበቅባት ነበር፤ አልጠቀሰችም። ሕጉ ሻጩ ክፉ ነው ወይ አይልም፣ ዕቃው ይሠራል ወይ ነው የሚለው። ምን እንደገዛች፣ ምን እንደጎደለው፣ መቼ እንደነገረችው፣ ምን እንደምትጠይቅ ጽፋለች። ከሰበር ውሳኔዎችም የተማርነው ይኸው ነው። መቃወሚያውን አልተቀበልነውም» አለች።

እና ክሱን ጮክ ብላ አነበበችዋ! «ተከሳሽ ደግ ጎረቤቴ ነው፤ የሸጠልኝ ሞተር ግን ውሃ አይስብም።» ሐሚድ ቀና ማለት አቃተው። ጠበቃው ቁጭ በል ብሎ እየጎተተው ሐሚድ ተነሣና፣ «እኔ ከዚህች ሴት ጋር አልከራከርም፤ ዛሬውኑ የሚሠራ ሞተር እሰጣታለሁ» አለ። ስምምነታቸው መዝገብ ላይ ሰፈረ። ከሽንኩርቱ ግማሹ ደርቆ ነበር፣ ግማሹ ተረፈላት።

አንቺ፣ የእህቴ ልጅ፣ ሕግ የተማርሽው፣ አንቺን ነው የምለው! ያቺን የመጨረሻ መስመር ስንት ዘመን ጽፌያለሁ፣ ስንቱን ሰው አስፈርሜአለሁ። መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ የቢሮ ሠራተኛውም ሳያያት ነው የሚፈርመው። እንደ መሐላ የቆጠረቻት ፊደል የማታውቀው ዘይነባ ብቻ ናት። ወላሂ፣ እስከ ዛሬ እወዳታለሁ። እሷ ናት ክስ መጻፍ ያስተማረችኝ።

(የእህታቸው ልጅ ይህን ጊዜ አቀርቅራ ሳቀችና፣ «አጎቴ፣ እኔም ነገ የማስገባው ክስ አለኝ፤ ደንበኛዬን ቁጭ አድርጌ ላነብለት ነው መሰለኝ» አለች።

«ስንት ‹አታላይ› አለበት?»

«ሰባት።»)