አሥራ አራት መቀርቀሪያ

(በረዶ የጣለበት ጠዋት፣ በአንዲት የአሜሪካ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አፓርታማ። ዘርፌ ሰባ ዓመቷ ነው፤ ንጋቱ ታናሽ ወንድሟ ነው።)

ዘርፌ፦ ጫማዬን የት አደረግከው?

ንጋቱ፦ የትኛውን?

ዘርፌ፦ አንተ ልጅ፣ አታድርቀኝ! የበረዶውን ቦት ጫማ ነዋ። ትናንት እዚህ በሩ ሥር ነበር።

ንጋቱ፦ ስልሳ ሁለት ሞላኝ እኮ፤ አሁንም «አንተ ልጅ»?

ዘርፌ፦ ጫማ የሚደብቅ ሰው ምን ይባላል ታዲያ?

ንጋቱ፦ እትዬ፣ ቁጭ በይ። ሻይሽ ቀዘቀዘ። ዛሬ የትም አትወርጂም።

ዘርፌ፦ ሃሮልድ ብቻውን ሲቆም ሦስተኛ ቀኑ ነው። ና በመስኮት እየው፣ ያቺን ተጣጣፊ ወንበሩን ይዞ ወጥቷል።

ንጋቱ፦ አየሁት። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ካርቶን አንጠልጥሎ። የአሜሪካንን ነፃነት የሚያስከብረው ይሄ ነው?

ዘርፌ፦ ካርቶኑ ላይ የጻፈውን አንብብልኝ።

ንጋቱ፦ ትናንት አንብቤልሻለሁ።

ዘርፌ፦ ዛሬም አንብብልኝ።

ንጋቱ፦ «ጎረቤቴን የት ወሰዳችሁት?»

ዘርፌ፦ ይኸው። እኛ ያጣነው እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ነው።

ንጋቱ፦ ጀመርሽ ደግሞ።

ዘርፌ፦ ስለ ጎረቤታችን ስለ ራሞን ነው የማወራው። ሊፍቱ ሲበላሽ ዕቃዬን ሦስት ፎቅ ተሸክሞ የሚያወጣልኝ ሰው። ፊታቸውን የሸፈኑ የኢሚግሬሽን ሰዎች ከዚያ ከፖስታ ሳጥኑ አጠገብ አንጠልጥለው ወሰዱት። ማዘዣ የለ፣ መኪናው ታርጋ የለው።

ንጋቱ፦ እኔ መች ደግ አደረጉ አልኩ? አገሩ የአሜሪካኖቹ ነው፣ ሕጉም የነሱ ነው፤ እነሱ ይነሡ። ግን ማን ወጣ? ማዶ ያለውን ሕንፃ እዪው፣ መጋረጃው ሁሉ ዝግ ነው። እነዚህ ሰዎች አልቆላቸዋል። ለነፃነታችን እንሞታለን የሚሉት ድሮ ነው። አሁን ኳሳቸውን ካልነኩባቸው ከሶፋቸው አይነሡም።

ዘርፌ፦ የመጋረጃውን ጠርዝ ተመልከት። አራተኛው መስኮት ላይ። አሁን ተንቀሳቀሰ።

ንጋቱ፦ ያያሉ፤ አይወርዱም።

ዘርፌ፦ እኛም አየን። አልወረድንም።

ንጋቱ፦ እትዬ...

ዘርፌ፦ እነሱን «አልቆላቸዋል» ካልክ የአገር ቤቱን የኛን ሰፈር ምን ልትለው ነው?

ንጋቱ፦ እኛ ጠመንጃ ተደግኖብን ነው።

ዘርፌ፦ ይሁን። ዜግነት የወሰድን ቀን ቀኝ እጅህን አንስተህ ምን ብለህ ማልክ? አጠገብህ ነበርኩ።

ንጋቱ፦ ወረቀቱን ለማግኘት ሁሉም ይምላል።

ዘርፌ፦ ሃሮልድ አልማለም። እዚሁ ስለተወለደ መሐላ የጠየቀው የለም። የማልነው እኛ ነን፤ የቆመው እሱ ነው።

ንጋቱ፦ ቢይዙሽስ? አነጋገርሽን ሰምተው «ከየት መጣሽ?» ቢሉሽ፣ ያንን ወረቀት አይቶ የሚለቅሽ ማነው?

ዘርፌ፦ ማንም።

ንጋቱ፦ ታዲያ?

ዘርፌ፦ ታዲያ ጫማዬን ስጠኝ።

ንጋቱ፦ አልሰጥም። ከማን የተማርኩት ይመስልሻል? ወንድማችንን ጥበቡን የወሰዱት ጠዋት የኔን ጫማ የደበቀው ማነው?

ዘርፌ፦ ...እኔ ነኝ።

ንጋቱ፦ በባዶ እግሬ ልወጣ ስል አፌን ያፈነውስ?

ዘርፌ፦ እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመትህ ነበር። ቀይ ሽብር ነው፤ ከአንድ ቤት ሁለት ወንድማማች ሲወስዱ አይቻለሁ።

ንጋቱ፦ ይኸው ተርፌያለሁ። እኔም ላተርፍሽ ነው።

ዘርፌ፦ ወንድማችን ዋናው መንገድ እስኪደርስ ድረስ ወደ ኋላ ዞር እያለ ያይ ነበር። የሚወጣ ሰው እየጠበቀ። አንተ ያን አላየህም፤ ዓይንህንም ሸፍኜህ ነበር።

ንጋቱ፦ ሰምቻለሁ።

ዘርፌ፦ ምኑን?

ንጋቱ፦ መቀርቀሪያውን። በየደጃፉ ሲያልፍ አንድ መቀርቀሪያ ቀጭ ይላል። ቀጭ። ቀጭ። አሥራ አራት ቆጠርኩ። እዚህም አገር በር በዘጋሁ ቁጥር «አሥራ አምስት» እላለሁ።

ዘርፌ፦ የመጀመሪያው የኛ ነበር።

ንጋቱ፦ አውቃለሁ። አንድ ብዬ የጀመርኩት ከሱ ነው።

ዘርፌ፦ ቆይ፣ ነጠላዬን ልደርብ።

ንጋቱ፦ ነጠላሽን ደግሞ ለምን ዘቀዘቅሽው? ራሞን አልሞተም እኮ።

ዘርፌ፦ ለራሞን አይደለም። ያኔ እንዳናለቅስ ከለከሉን። ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ፣ ደህና እንደሆነ ሰው ገበያ ወጣሁ። ለጥበቡ አንድ ቀን እንኳ አልዘቀዘቅኩለትም።

ንጋቱ፦ አሜሪካኖቹ ምን እንደሆነ አይገባቸውም።

ዘርፌ፦ ጥበቡ ይገባዋል።

ንጋቱ፦ ...ቆይ። አንዲት ሴት መጣች። ከታች ፀጉር ቤት ያላት፣ ያቺ ሰላም የማትለን።

ዘርፌ፦ ምን ይዛለች?

ንጋቱ፦ ትኩስ ነገር ነው፣ ይጨሳል። ሰጥታው ትመለሳለች። ይኸው ልትሄድ ነው... አይ።

ዘርፌ፦ ምን?

ንጋቱ፦ እሱን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ካርቶኑን እሷ ያዘችው።

ዘርፌ፦ ሁለት ሆኑ።

ንጋቱ፦ ሁለት ሰው ምን ያደርጋል?

ዘርፌ፦ እኔ እንጃ። እኛ ጋ አንድም ስላልነበረ አላውቅም።

ንጋቱ፦ ...ጫማሽ ኦቭኑ ውስጥ ነው።

ዘርፌ፦ ኦቭን ውስጥ! ብለኩሰውስ ኖሮ?

ንጋቱ፦ ከመቼ ወዲህ ነው ኦቭን የምትነኪው? ጎንበስ አትበይ፣ እኔ አስርልሻለሁ።

ዘርፌ፦ ጠበቅ አድርገው። ኮት የምትለብሰው አንተ ወዴት ነህ?

ንጋቱ፦ ደረጃው ያንሸራትታል። እስከ ታች ልደግፍሽ።

ዘርፌ፦ እስከ ታች ብቻ?

ንጋቱ፦ ቅደሚ እንግዲህ፣ አታብዢው።

ዘርፌ፦ እሺ። ቁልፍ ይዘሃል? በሩን ልዝጋው።

ንጋቱ፦ ተይው፣ እትዬ። አትዝጊው።