ሳይፈታ «ተፈቶ ታይቷል» የተባለው ጠመንጃ

የምስክር ስም፦ በፖስታ ታሽጎ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል
ዕድሜ፦ 25
ሥራ፦ በአሮጌ የአደን መሣሪያዎች መጠገኛ መዝገብ ያዥና ረዳት ዋጋ ገማች
አድራሻ፦ ከመጠገኛው በላይ፣ አንደኛ ፎቅ፣ ክፍል 4
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ኅዳር 6 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡20

ይህንን ቃል የምሰጠው አሠሪዬ ባልፈጸሙት ስርቆት ተጠርጥረው ስለታሰሩ፣ ለጥርጣሬውም ምክንያት የሆነው በእኔ እጅ የተጻፈ ሐሰት ስለሆነ ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ እንዲያውም አሠሪዬ ዝም እንድል ነግረውኝ ነበር።

አሠሪዬ ጠመንጃ ጠጋኝና ዋጋ ገማች ናቸው። ለቸኮለ ደንበኛ ሁሉ የሚሰጡት መልስ አንድ ስለሆነ ጋሽ ቀስበል ይባላሉ። ጥቅምት 18 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ የግል ተበዳይ፣ ማለትም የሟች እንጨት ነጋዴ ልጅ፣ ከአባቱ የወረሰውን ባለሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ዕድሜውና ዋጋው እንዲገመትለት አምጥቶ በደረሰኝ አስረከበን። በሚቀጥለው ወር ለገማችነት ፈቃድ ፈተና ስለምቀመጥ ጋሽ ቀስበል ሥራውን ብቻዬን እንድሠራ ሰጡኝ። «መጽሐፉንስ ጨርሰሻል፤ አሁን ደግሞ ብረቱን አንብቢ» አሉኝ።

የዚህ ዓይነት ጠመንጃ ዕድሜ የሚታወቀው ከአፈሙዙ ሥር ከተመቱት የፍተሻ ማኅተሞችና ከተራ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ በብረት አካሉ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ አፈሙዙ ተለውጧል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ይህንን ለማየት ከፊት ያለው የእጅ መያዣ እንጨት መውለቅ አለበት። እንጨቱ ሳይወልቅ አፈሙዙ ከአካሉ አይላቀቅም።

እንጨቱን ለማውለቅ በዚያው ቀን ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ታገልኩ። በዝገት ተጣብቆ ነበር፤ ይሰነጠቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ጋሽ ቀስበልን መጠየቅ ሲገባኝ አፈርኩ። በአካሉ ላይ ያለውን ቁጥር ከመጽሐፍ ጋር አመሳክሬ ዘመኑን አገኘሁ፤ የአፈሙዙም ቁጥር ያው ይሆናል ብዬ ሳላየው ጻፍኩት። በቅጹ ላይ «ተፈቶ ታይቷል» ከሚለው ጎን ምልክት አደረግሁ። በማግስቱ ጋሽ ቀስበል ሳያገላብጡ ፈረሙ። «አንቺ ካየሽው እኔ አየሁት ማለት ነው» አሉ። ጥቅምት 20 ቀን ባለቤቱ መሣሪያውን ወሰደ።

ኅዳር 2 ቀን ከሰዓት በኋላ ከሌላ ገማች የተጻፈ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ወረቀቱ አፈሙዙ ከአካሉ በአርባ ዓመት እንደሚያንስ፣ ዋጋውም እኛ ከጻፍነው ሲሶ እንደማይሞላ ይገልጻል። በእኛ ወረቀት የአፈሙዙና የአካሉ ቁጥር አንድ ስለነበር፣ አፈሙዙን የለወጥነው እኛ እንደሆንን ባለቤቱ ተናገረ። ጋሽ ቀስበል እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ጌታዬ፣ ክንድ ከስንዝር አፈሙዝ የምደብቅበት ኪስ የለኝም» ብለው ሊያበርዱት ሞከሩ። ሰውየው አልሳቀም። «አባቴ ቢኖር እንዲህ አትቀልዱብኝም ነበር» ብሎ ወጣ።

ያኔውኑ እውነቱን ለጋሽ ቀስበል ነገርኳቸው። «የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ የምጠየቀውም እኔው። ፈተናሽ እስኪያልፍ አፍሽን ያዢ፣ ልጄ» አሉኝ። በማግስቱ ፖሊስ ሲወስዳቸው በሩ ላይ ቆሜ ዝም አልኩ። መርማሪው ለምን ሦስት ቀን እንደዘገየሁ ጠይቀውኛል። ፈቃዱን ስለፈለግሁት ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ትናንት ኅዳር 5 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሁለተኛው ገማች ዘንድ ሄጄ እንጨቱን እንዴት እንዳወለቀው ጠየቅሁት። ሁለት ቀን ዘይት አጠጥቶ በእንጨት መዶሻ እየመታ እንዳላቀቀው፣ የውስጡ ዝገትም የብዙ ዓመት መሆኑን ነገረኝ። «ከእኔ በፊት ይሄን የፈታው ሰው ዛሬ አፈር ሆኗል» አለኝ። እንግዲያው እኛ ዘንድ በቆየባቸው ሁለት ቀናት አፈሙዙ ሊለወጥ አይችልም። ነገር ግን ፖሊስ የያዘው ወረቀቶቹን ብቻ ነው፤ ጠመንጃው አሁንም በዚያ ገማች እጅ ነው። ባለቤቱ ዝገቱ ተፍቆ እንዲወለወልለት አዝዟል፤ ሥራው ኅዳር 10 ቀን ጠዋት ይጀመራል።

ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኛል፤ እውነት ነው፤ የጨመርኩትም ያስቀረሁትም የለም። ሐሰተኛውን ቅጽ በመሙላቴ የሚመጣብኝን ተጠያቂነት እቀበላለሁ። ጠመንጃው ሳይጠረግ በፖሊስ እጅ እንዲገባ፣ የእንጨቱና የአፈሙዙ ዝገት በገለልተኛ ባለሙያ እንዲመረመር፣ የሁለተኛው ገማች ቃልም እንዲወሰድ እጠይቃለሁ፤ ይህም እስከ ኅዳር 9 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት እንዲፈጸም።

የምስክር ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል