የወይዘሮ ኖትቡርጋ ድስትና የዘንድሮው ሆለር

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ከሃስልባህና ከየአጎራባቹ መንደር የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤

የእህታችንን የወይዘሮ ኖትቡርጋ ዜህነርን የሕይወት ታሪክ እንዳነብላችሁ የታዘዝሁት እኔ የወንድማቸው የኤንገልበርት ሚስት ሮስቪታ ነኝ። አባ ካስፓር ሩብ ሰዓት ፈቅደውልኛል፤ ሟቿ ግን አልጋቸው ላይ ሳሉ ከዚያ ባነሰ ጊዜ እንድጨርስ አዝዘውኛል፤ ምክንያቱንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዳገቱ ላይ ያሉት፣ በዘለላ የሚያፈሩት የአሥራ አንዱ ሆለር ዛፎች ጥቃቅን ፍሬ ትናንት ሙሉ በሙሉ ጠቁሯል፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የወፍ መንጋ ሰፍሮ አይቻለሁ። ሆለር ከደረሰ በኋላ ሦስት ቀን አይጠብቅም። ሃምሳ ሰባት ክረምት ሙሉ አንድ ጊዜም ሳይቋረጥ ለዚህ ሸለቆ ሳልና ጉንፋን ሲደርስ የኖረው ሽሮፕ ዘንድሮ ይፈላ አይፈላ እንደሆነ የሚለየው ከዚህ ንባብ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነውና፣ ድምፄ ቢቸኩልና ቢንቀጠቀጥ ከሐዘን ብቻ እንዳልሆነ ተረድታችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ወይዘሮ ኖትቡርጋ፣ ሁላችንም እትዬ ቡርጊ ስንላቸው የኖርነው፣ ከአባታቸው ከባለ ወፍጮው ከአቶ ካየታን ሪግለርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦቲልያ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1944 እዚሁ ሃስልባህ ተወለዱ። እናታቸውን ምጥ የያዛቸው ሆለር ዛፍ ላይ በተደገፈ መሰላል ላይ እንዳሉ ሲሆን፣ ቅርጫቱን ሳልሞላ አልወርድም ብለው አሻፈረኝ ስላሉ አዋላጇ ከሥር ሆነው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ለየትኛው ነው የመጣሁት? ለፍሬው ነው ለልጁ?» ብለው ቢጮኹባቸው፣ «ሁለቱም ደርሰዋል፤ ቅርጫቱን ያዢልኝና እወርዳለሁ» ብለው መለሱላቸው ይባላል። ይህን ታሪክ እትዬ ቡርጊ በየዓመቱ ልደታቸው በመጣ ቁጥር ይነግሩን የነበረ ሲሆን፣ በየዓመቱም መሰላሉ አንድ አንድ እርከን እየጨመረ ሄዷል።

በመንደራችን ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት ተምረዋል። በሒሳብ ብርቱ፣ በጽሕፈት ግን ሁልጊዜ የሚገሠጹ ነበሩ፤ ጽሕፈታቸው ከፍቶ ሳይሆን ከመስከረም እስከ ገና ድረስ ደብተራቸው ሐምራዊ የጣት አሻራ የማይለየው በመሆኑ ነው። አባታቸው ከጦርነቱ ደረታቸው ታሞ ተመልሰው ስለነበር፣ ሕፃኗ ቡርጊ ከአባቷ ክፍል ጋር በሚያዋስናት ግድግዳ ሥር እየተኛች አደገች፤ ደረቁን ሳል ከእርጥቡ፣ የሚያልፈውን ከማያልፈው በጆሮዋ ለይታ ማወቅ የጀመረችውም ያኔ ነው። ይህ ዕውቀት ወደፊት ለመላው ሸለቆ ተርፏል።

በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ወደ ግራትስ ከተማ ሄደው በአንድ መድኃኒት ቤት በጠርሙስ አጣቢነት ተቀጥረው፣ ኋላም በረዳትነት አምስት ዓመት አገልግለዋል። ጠርሙስ ከነክዳኑ መቀቀል እንዳለበት፣ ወረቀቱ ላይ ቀን መጻፍ እንዳለበት፣ መድኃኒት የሚሰጥ ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ መድኃኒቱ የማይችለውን ነገር ማወቅ እንዳለበት የተማሩት በዚያ ነበር። እናታቸው ሲታመሙ ሥራቸውን ትተው ተመለሱ፤ እናታቸውም ከማረፋቸው በፊት የሆለር ሽሮፕ የሚፈላበትን ትልቁን የመዳብ ድስት አስረከቧቸው።

ከ1966 እስከ 1999 ድረስ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የሸለቋችን ፖስተኛ ሆነው ሠሩ። በሞተር ብስክሌታቸው በየደጁ እየቆሙ ደብዳቤ ሲያድሉ፣ ከበሩ ጀርባ ማን እንደሚስልና ስንት ቀን እንደሳለ ይሰሙ ነበርና፣ በማግስቱ ከደብዳቤው ጋር አንድ ጠርሙስ ሽሮፕ በሩ ላይ ይገኛል። ደብዳቤ የሌለው ሰው ጠርሙሱን ብቻ ያገኛል። በዚያን ጊዜ የነበሩት ሐኪም፣ «ፖስተኛዋ መድኃኒት ቤት ከፈተችብን» እያሉ በየመጠጥ ቤቱ ያሾፉባቸው ነበር፤ እርሳቸው ራሳቸው አንድ ጥር ወር ድምፃቸው ተዘግቶ ቤት በዋሉ ጊዜ ግን ደጃቸው ላይ የተገኘውን ጠርሙስ አልመለሱም። እትዬ ቡርጊም ቢሆኑ ጉንፋን ነቅዬ አጠፋለሁ ብለው አያውቁም። ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ሰውነት ያሞቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል ይሉ ነበር እንጂ። ትኩሳት ሦስት ቀን የቆየበት ሰው ሲያገኙ ደግሞ፣ «እኔ ጋ ምን አመጣህ? ሽሮፕ የለህም! ተነሥ፣ ሐኪም ጋ!» ብለው በሞተር ብስክሌታቸው ኋላ አፈናጠው የወሰዱት ስንቱን ነው! ከእናንተ መካከል እጁን ማንሣት የሚችል ብዙ እንዳለ አውቃለሁ፤ አሁን ግን አታንሡ፣ ጊዜ የለንም።

ትዳራቸውም ከዚሁ ዛፍ የተገኘ ነው። አቶ ቪንሰንስ ዜህነር ገና ጎረምሳ ሳሉ ለጋሪ መንገድ ለማስፋት ብለው የጎተራቸውን ጥግ ሆለር ሊቆርጡ መጥረቢያ ሲያነሡ፣ ፖስተኛዋ ደረሱ።

«አንተ ሰውዬ፣ ባርኔጣህን ሳታወልቅ ነው መጥረቢያ የምታነሣው?»

«ለዛፍ?»

«አዎ፣ ለዛፍ! አያትህ ሲያልፉ ያወልቁለት አልነበረም? ለእኔም ብታደርገው ደግሞ አይከፋኝም።»

አቶ ቪንሰንስ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ በሚቀጥለው እሑድም ያንኑ ባርኔጣ በእጃቸው ይዘው ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ታዩ። በ1968 የፀደይ ወራት ተጋብተው አንዲት ሴት ልጅ ገርሊንደን ወልደው፣ አቶ ቪንሰንስ በ2011 እስኪያርፉ ድረስ በፍቅር ኖሩ። ዛፉ ዛሬም ጎተራው ጥግ ቆሟል፤ ጋሪው ዞሮ ይሄዳል።

አሁን ወደማልፈልገው ምዕራፍ ደረስሁ። ብዘለው ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን እንዳልዘለው ያስማሉኝ ሟቿ ራሳቸው ናቸው። እኔ የግራትስ ልጅ ነኝ። ኤንገልበርትን አግብቼ በመጣሁ በዓመቱ፣ በ1979 ሴፕቴምበር፣ የበኩር ልጄ ፍሎሪያን ክርስትና ሲነሣ፣ ለባሌ እህት እኔም እንደማልሰንፍ ላሳይ ብዬ ማንንም ሳላማክር ሁለት ቅርጫት ሆለር ለቀምሁ። እሳት ቫይታሚኑን ይገድላል የሚል ነገር መጽሔት ላይ አንብቤ ስለነበር ሳላፈላ፣ ጥሬውን በጨርቅ ጨምቄ፣ ስኳርና ሎሚ ጨምሬ፣ ለአርባ ሁለት እንግዳ በብርጭቆ አቀረብሁ። ቀለሙ እንዴት ያምር ነበር! እትዬ ቡርጊ ደብዳቤ አድለው ዘግይተው ደረሱና ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አድርገው፣ «ሮስቪታ፣ ይሄ ነገር እሳት አይቷል?» አሉኝ።

«እሳት ቫይታሚኑን ይገድለዋል እትዬ» አልኋቸው፣ አንገቴን ቀና አድርጌ።

«ጥሬ ሆለር መርዝ ነው! ቫይታሚኑን ተዪውና እንግዶቹን አስቢ!» ብለው ብርጭቆ ለመሰብሰብ ሲሮጡ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሆዱን ያልያዘ እንግዳ አልነበረም። የያኔው ቄስ ቡራኬውን ሳይጨርሱ ወደ ጎተራው ጀርባ ሮጡ፤ የመንደራችን የሙዚቃ ጓድ ጡሩምባ ነፊ መንገድ ላይ ቀረ፤ የከበሮ መቺው ሚስት የሆነችውን አልነግራችሁም፤ እዚሁ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ እየሣቀች ነው። እትዬ ቡርጊ ሐኪም ጠርተው፣ ውሃና ጨው በጥብጠው፣ እስከ ማግስቱ ድረስ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሉ አደሩ። እግዚአብሔር ይመስገን ሁሉም ዳነ። የእኔ ስም ግን አልዳነም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚህ አገር «ጥሬዋ ሮስቪታ» ነኝ።

እርሳቸው ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ በቃላቸው አንሥተው አልወቀሱኝም፤ ይሁን እንጂ በየዓመቱ የሆለር ሳምንት ሲደርስ ማእድ ቤታቸውን ከውስጥ ቆልፈው፣ እኔን ከውጭ፣ ግቢያቸው ውስጥ ካለው የጥላ ዛፍ ሥር ባለ ጠረጴዛ ላይ በሹካ ፍሬ ከዘለላው እንዳራግፍ ያስቀምጡኝ ነበር። አርባ አራት ዓመት! አረንጓዴውን መለየት፣ እንጨቱን መጣል፣ ጥቁሩን ብቻ ሳህኑ ላይ፤ ሳህኑ ሲሞላ በመስኮት ማቀበል። ቀረፋው መቼ እንደገባ፣ ቅርንፉዱ መቼ፣ ሎሚው መቼ እንደተጨመረ በመስኮቱ ሽታ አውቃለሁ፤ ድስቱን ግን ሲፈላ አንድም ቀን አላየሁትም። ተናድጃለሁ። አልቅሻለሁም። አንድ ዓመት ሹካውን ወርውሬ ቤቴ ገብቼ ነበር፤ በማግስቱ ሹካው ታጥቦ ደጄ ላይ ስላገኘሁት ተመለስሁ።

ካለፈው ፀደይ ጀምሮ ልባቸው እየደከመ ሄዶ በነሐሴ አልጋ ያዙ። ሁላችንም ድስቱ የገርሊንደ ነው ብለን ነበር፤ ገርሊንደ ግን ሊንትስ ከተማ የቢሮ ሰው ናት፣ «እማዬ፣ እኔ ያንን ድስት ከሩቅ ሳየው ጣቴ ይጠቁራል» ብላ እቅጩን ነገረቻቸው። ከማረፋቸው ከሁለት ሳምንት በፊት አስጠሩኝ። የማእድ ቤቱን ቁልፍ ከትራሳቸው ሥር አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት።

«እትዬ፣ ተሳስተዋል» አልኋቸው፤ «እኔ እኮ ጥሬዋ ነኝ።»

«ለዚያ ነው'ኮ! ሌላው ሰው ይቸኩላል። አንድ ዓመት ወፍ ይመጣል፣ አንድ ዓመት እንግዳ ይመጣል፣ ‹ይብቃው› ብሎ ያወርደዋል። አንቺ አርባ አራት ዓመት ስትፈሪው ኖረሻል፤ ይብቃው አትዪም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን በር ዘጉብኝ?»

«ፍርሃቱ እንዳይለቅሽ ነዋ!» ብለው ሣቁ፣ ሣቁም ሳል ሆነባቸው። ሳላቸው ጋብ ሲል ግን እጄን ያዙና፣ «በአርባ አራት ዓመት ውስጥ ከሳህንሽ አንዲት አረንጓዴ ፍሬ አግኝቼ አላውቅም። በየዓመቱ እፈልግ ነበር» አሉኝ። ከዚያም ይህንን ሁሉ በእናንተ ፊት እንዳነብ አዘዙኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ጠርሙሱ ደጁ ላይ የሚቀመጥለት ሰው ማን እንዳፈላው ማወቅ አለበት ብለው ነው። ለዚህ ነው ከሐዘኑ ጋር ልቤ እንደ ልጅ የምትዘልለው፤ ደስ ብሎኛል፣ ፈርቻለሁም፣ አልደብቃችሁም።

ወይዘሮ ኖትቡርጋ ሰባ ዘጠነኛ የልደት በዓላቸው ሰባት ቀን ሲቀረው፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2023 ማለዳ በቤታቸው ዐርፈዋል። መጨረሻ የጠየቁት ነገር ፍሬው ጠቁሮ እንደሆነ ነበር፤ «ነገ፣ ቢበዛ ከነገ ወዲያ» አልናቸው፤ «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ፣ ቅርጫት አጥቡ» አሉን።

ከኋላቸው ልጃቸው ገርሊንደ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ ወንድማቸው ኤንገልበርት፣ የወንድማቸው ሚስት እኔ፣ የወንድማቸው ልጅ ፍሎሪያን፣ አንድ የማይነሣ ሞተር ብስክሌት፣ ሁለት መቶ ታጥቦ የተደረደረ ባዶ ጠርሙስ፣ ዳገቱ ላይም አሥራ አንድ ዛፍ ሙሉ ፍሬ ቀርተዋል።

በሕይወት ዘመናቸው ሁሉ የታመመ ሰው ደጅ ሲያንኳኩ የኖሩትን እህታችንን፣ ዛሬ እርሳቸው ሲያንኳኩ ጌታ ደጅ ሳያስጠናቸው ይክፈትላቸው፤ የደከመ ልባቸውን ያሳርፍ፤ ከአባታቸው፣ ከእናታቸውና ከቪንሰንስ ጋር በብርሃኑ ያገናኛቸው። አሜን።

ወንዶች፣ ወደ መቃብሩ ስንሄድ የምናልፈው በሩ አጠገብ ባለው ሆለር ሥር ነው፤ ባርኔጣችሁ እጃችሁ ላይ ስለሆነ እንደገና ማውለቅ አይጠበቅባችሁም። ከቀብሩ በኋላ የሚበላው ምሳ በሟቿ ትእዛዝ ወደ ማታ ተላልፏል። ቅርጫቶቹ ከዚህ በር በስተግራ ተደርድረዋል፣ ሹካዎቹ እትዬ ቡርጊ ግቢ ከጥላው ዛፍ ሥር ናቸው፣ የሙዚቃ ጓዱም እየነፋ ይቀድመናል፤ ወፎቹን ያባርርልን። ፍሬውን ግን መንገድ ላይ ማንም እንዳይቀምስ። ሃያ ደቂቃ ቢፈላ ይበቃዋል ብለውኛል። እኔ አርባ አፈላዋለሁ።