በቀኝ ደረት የሚንጠለጠል ሜዳይ

ክቡር ዳይሬክተር፣ ክቡር ሻለቃ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሜዳይ ክፍል ባልደረቦቼ፤

ለጡረታ መውጫዬ ስላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ኬኩን ላመጣችሁ፣ ወንበሩን ለደረደራችሁ፣ በተለይ ደግሞ ማይክሮፎኑን ለፈተሻችሁት። ከጠዋት ጀምሮ «አንድ፣ ሁለት፤ አንድ፣ ሁለት» ስትሉ ሰምቻለሁ። ከሁለት በላይ የሚል ሰው ሲጠፋ ነው መሰለኝ እኔን የጠራችሁኝ።

ዳይሬክተራችን ስለ እኔ ብዙ መልካም ነገር ተናገሩ። እየሰማሁ ሳለ «ሴትዮዋ መቼ ነው የሞተችው?» ብዬ ልጠይቅ ምንም አልቀረኝም። አትፍረዱብኝ። በኛ ክፍል እንዲህ ዓይነት ንግግር የምንሰማው ባለቤቱ በሌለበት ነው።

ከሌላ ክፍል ለመጣችሁ እንግዶች ሥራችንን ላስረዳ። እኛ ሜዳይ አንሸልምም፤ የሚሸልሙት ሌሎች ናቸው። እኛ ሪባኑን እንቆርጣለን፣ እንሰፋለን፣ ኮቱ ላይ የሚያዝበትን ክር እንሠራለን፣ ቀጥ ብሎ እንዲንጠለጠል እናደርጋለን። ሰውየው ጎብጦ ቢመጣም ሜዳዩ ቀጥ ማለት አለበት። ልካችንን የምናይበት የልብስ ማሳያ የእንጨት አሻንጉሊት አለን። ጭንቅላት የለውም፤ ስለዚህ «ጄኔራሉ» እንለዋለን። ሻለቃ፣ ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ያወጣው ሰው ጡረታ ወጥቷል።

አንድ ደንብ አለን። የራስህ ሜዳይ በግራ ደረት፣ የሞተ ዘመድህ ሜዳይ በቀኝ ደረት። ሚስት በቀኝ፣ ልጅ በቀኝ፣ እናት በቀኝ። በመታሰቢያው ሰልፍ ላይ ከሩቅ ስታዩ፣ ዘምቶ የተመለሰውና ዘምቶ የቀረበት ሳይጠየቁ ይለያሉ። በቀኝ የሚሰፋ ኮት ሲመጣ እኛ ዘንድ ሬዲዮው ይቀነሳል። ይህን ያዘዘን የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎልማሳ የጥምር ጦሩን ሜዳይና አንድ ግራጫ ኮት ይዞ መጣ። ሜዳዩን ታውቁታላችሁ። የብዙ አገር ወታደሮች አንድ ላይ ሲዘምቱ የሚሰጥ ነው፤ የአንዱ ከሌላው አይለይም። ከየትም ይምጡ፣ ያው ነሐስ፣ ያው ሪባን። ስም የለበትም። ይጻፍበት ቢባልስ በስንቱ ፊደል ይጻፋል?

«በቀኝ ይሰፋልኝ» አለኝ።

«የማን ነው?»

«የኔ።»

«የራስህ ከሆነ በግራ ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ በቀኝ ይሰፋልኝ።»

ደንቡን የማያውቅ ሲመጣ ታስረዱታላችሁ። እያወቀ ለሚጠይቅ ግን ምን ይደረጋል? ወንበር ሳብኩለት።

በዘመቻው ላይ የውኃ ማጣሪያ መኪና ላይ ነበር የሚሠራው። አብሮት የሌላ አገር ወታደር ነበር። የየት አገር እንደሆነ ጠየቅኩት። «ባንዲራው ትከሻው ላይ ነበር፤ ሦስት ቀለም» አለ። «ሦስት ቀለም ያልሆነ ማን አለ፣ እትዬ?»

አንድ ቃል አይግባቡም። ሰውየው ግዙፍ ስለነበር የኛው «በርሜል» ይለዋል። በርሜልም የኛውን አንድ ነገር ብሎ ይጠራዋል፤ ትርጉሙን እስከ ዛሬ አያውቀውም። «ስድብ ሳይሆን አይቀርም፤ ሲጠራኝ በጣም ደስ ይለው ነበር» አለኝ። ለሥራው በርሜል ቧንቧውን በመፍቻ ይመታል። ሁለቴ ከመታ ክፈት ማለት ነው፤ አንዴ ከመታ ዝጋ። ሌላ ቋንቋ አላስፈለጋቸውም።

«አሁንም ጎረቤት ቧንቧ ሲያስጠግን» አለኝ፣ «መፍቻው ሁለቴ ኳ ኳ ካለ ሳላውቀው ሄጄ የኩሽናውን ውኃ እከፍታለሁ። ሚስቴ ቆጣሪው እየቆጠረ ነው ትለኛለች። እኔ ደግሞ እስኪመታ እጠብቃለሁ። ለመዝጋት አንዴ መምታት አለበት።»

 

አንድ ጠዋት ራቅ ወዳለ ጦር ሰፈር ውኃ የማድረስ ተራው የበርሜል ሆነ። ተራ አልተለዋወጡም። በፊልም እንደምናየው «ዛሬ አንተ ሂድልኝ» የሚባል ነገር የለበትም። ተራው ነበር፣ ሄደ፣ መንገዱ ላይ የተቀበረ ፈንጂ ነበር። የሬሳ ሳጥኑ አውሮፕላን ላይ ሲጫን የአገሩ ሰዎች ከፊት ተሰለፉ። የኛው ከኋላ፣ ከራሱ አገር ልጆች ጋር ቆመ። ሰልፉ በየአገሩ ነበር። ከዚያ ዘመቻው አለቀና አንድ የውጭ ጄኔራል መጥቶ ለኛው ሜዳዩን አደረገለት። ለበርሜልም የተላከው ያው ነው።

የሟች ሜዳይ ቅጂ እንሠራለን፤ ግን ለዘመድ ብቻ። ስለዚህ የሚጠየቀውን ጠየቅኩት።

«ሟቹ ምንህ ነው?»

«ምኔም አይደለም» አለ። «ስሙንም አላውቅ። ያለኝ አንድ ነው፤ እሱን ለሱ ላድርግለት።»

ስሙን መፈለግ አይቻልም ወይ ትሉኛላችሁ። ይቻላል፣ ብዬውም ነበር። «ስሙን ካወቅኩ እናት ይኖረዋል፣ ምናልባት ሚስት፣ ልጅ» አለኝ። «የነሱ ይሆናል። እኔ ያኔ ምኑ ነኝ?»

በቀኝ ሰፋሁለት። እንደ ወጉ ጄኔራሉን ኮቱን አልብሼ ሜዳዩን አንጠለጠልኩና ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አየሁ። ያ ስንት ዓመት የማውቀው እንጨት ኮቱን ሞልቶት ቆሟል። ጭንቅላት ለሌለው ነገር የፈለጋችሁትን ፊት ልትሰጡት ትችላላችሁ፤ ለዚህ ግን የምሰጠው ፊት አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጀርባዬን ሰጥቼው ከክፍሉ ወጥቼ አላውቅም። እናንተ «እትዬ ለጄኔራሉ ሰላምታ ሰጥታ ነው የምትወጣው» እያላችሁ ስትስቁ ኖራችኋል። ሳቁ፣ ግዴለም። ሰላም የምለው ግን ጄኔራሉን አይደለም።

ታዲያ ያ ሰው ተሰለፈ? አልተሰለፈም። በር ላይ አስተናባሪው «የማን ነው?» አለው። «የኔ።» «እንግዲያው ወደ ግራ።» «አይሆንም።» ክሩ በመቀስ ተቆረጠና ወደ ቤቱ ተመለሰ። በዓመቱ ኮቱን ይዞ መጣ። «እትዬ፣ እንዳምናው» አለኝ። እኔ እሰፋለሁ፣ በር ላይ ይቆረጣል፣ እሱ ይመለሳል። በየዓመቱ እንዲሁ ነው። አንድ ቀን እንኳ ከበሩ አልፎ አያውቅም።

ባለፈው ወር ሻለቃ፣ የሰልፉ አዛዥ ሆነው ክፍላችን ድረስ መጡ። እዚሁ ስላሉ ከተሳሳትኩ ያርሙኛል።

«ዘመዱ ላልሆነ ሰው በቀኝ ትሰፋላችሁ አሉ» አሉኝ።

«በማጣራት ላይ ነን» አልኩ።

«ስንት ዓመት ነው የምታጣሩት?»

«ጥንቃቄ የሚፈልግ ጉዳይ ነው።»

ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን «ከዘንድሮ ጀምሮ ይቁም» አሉ። በጨዋነት ነው የነገሩኝ። እውነታቸውንም ነው። ሁሉም እንደ ልቡ ካንጠለጠለ፣ ባሏ የቀረባት ሴት በቀኟ ያደረገችው ምን ትርጉም ይኖረዋል? ደንቡን የምወደው እኔ ነኝ። ዕድሜዬን የበላሁት እሱን ስሰፋ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሰውየው መጣ። ጡረታ ልወጣ መሆኔን ነገርኩት፤ ትእዛዙንም ነገርኩት።

«በር ላይ መቀስ ብቻ አይደለም የሚጠብቅህ፤ ዘንድሮ የሻለቃው ትእዛዝም አለ» አልኩት።

«ግዴለም» አለኝ፣ ኮቱን እያቀበለኝ። «በር ድረስም ቢሆን አደርሰዋለሁ።»

ሻለቃ፣ ሰፍቼለታለሁ። በድርብ ክር። መቀሱ ይቆርጠዋል፣ ትንሽ ግን ያለፋችኋል። ከዛሬ በኋላ ልትቀጡኝ አትችሉም፤ ይህን አስልቼ ነው እስካሁን ያልነገርኩዎት። ተተኪዬ እጇ የለበትም፤ እሷን ተዉአት።

እሑድ ይመጣል። ግራጫ ኮት፣ በግራው ምንም የለም። ማስገባትም መመለስም የእርስዎ ነው፤ በዚያ አልገባም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። «ምንህ ነው?» አይበሉት። ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ እኔም ጠይቄው አይቻለሁ። «እንዴት ያለ ሰው ነበር?» ይበሉት። መልሱ ረጅም ነው፤ ሰልፉ ሊዘገይ ይችላል። እስኪጨርስ ከሰሙት በኋላ መቁረጥ ካለብዎት፣ ይቁረጡት።

እኔ ከበሩ ውጭ ነኝ። ከእንግዲህ ጊዜ አለኝ። ከገባ ከዚያው ሆኜ አየዋለሁ። ከመለሳችሁት እንሸኛኛለን፤ ከበርሜል ጋር ሦስታችንም ወደ ቤታችን እንሄዳለን።

እናንተ ባልደረቦቼ፣ ዓይናችሁን ለመርፌ ያቆይላችሁ። የላካችኋቸው ሁሉ በእግራቸው ይመለሱላችሁ፤ በግራቸው ያደረጉትን በግራቸው ያርጁበት። የእናንተን በቀኝ የሚያደርግላችሁ ሰው፣ ቀኑ ይራቅበት። ሲደርስ ግን ሰው አይጥፋላችሁ። ዘመድ ካለ ዘመድ ያድርግላችሁ፤ ዘመድ ከሌለም ስማችሁን እንኳ የማያውቅ አንድ ሰው፣ ከየትም አገር ቢሆን፣ ይዘዝላችሁ።